ልብ ሲዝል እጅ ይቀዘቅዛል

[ምስል፦ ማለዳ፣ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ከበስተኋላ። አንዲት እናት ዳገት መካከል ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።]

ተራኪ፦ ወትሮ ዳገቱን ሳያርፉ ይወጡ የነበሩ እናት ሦስት ጊዜ መቆም ከጀመሩ፣ ሌሊት ትራስ ሳይደራርቡ መተኛት ካቃታቸው፣ እግራቸውም አብጦ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ፣ ነገሩ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። የልብ ድካም ሊሆን ይችላል።

ይህ ድካም ሲከፋ የሚመጣውን አደጋ ሐኪሞች ካርዲዮጄኒክ ሾክ ይሉታል። የአዋቂ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ለዓመታት የተጎዳ ልብ አቅም ሲያጣ፣ የሚረጨው ደም ለአንጎልና ለኩላሊት አይበቃም፤ የላይኛው የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ90 በታች ይወርዳል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ታማሚው ይደነጋገራል።

[ምስል፦ የነርስ አውራ ጣት የታማሚን ጥፍር ሲጫን፣ በቅርበት።]

ሰውነት ያለችውን ጥቂት ደም ለዋና ዋና አካላት ለማቆየት የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል። ጥፍር ተጭነን ስንለቀው ይነጣል፤ በጤነኛ ሰው በሁለት ሰከንድ ገደማ ይቀላል፣ በሾክ ላይ ባለ ሰው ግን ይዘገያል። ግፊቱ ገና ሳይወርድ እጅ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ በእኔ እምነት ከማንኛውም ማሽን በፊት መለመድ ያለበት ምርመራ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰብ ተጨንቆ «ደክሞታልና ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላል። የሾኩ መነሻ ልብ ከሆነ ግን ያለ ልክ የሚገባ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ይነሳል።

በሕክምናው በኩል ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የተዘጋውን የደም ሥር በፍጥነት መክፈት ከስድስት ወር በኋላ የሚታየውን ሞት ከ100 ታማሚዎች ከ63 ወደ 50 ዝቅ እንዳደረገ በዚያ ዓመት የወጣ ጥናት አሳየ። ለረጅም ጊዜ ተስፋ የተጣለበት የአኦርታ ፊኛ (ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ውስጥ እየተነፋና እየተነፈሰ ልብን የሚያግዝ) ግን በ2012 በጀርመን 600 ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ የሞትን ቁጥር ሳይቀንስ ቀረ። በ2024 በብሽሽት ደም ሥር ወደ ልብ የምትገባ ትንሽ ፓምፕ በስድስት ወር ውስጥ የሚሞቱትን ከ100 ታማሚዎች ከ59 ወደ 46 ገደማ አወረደች፤ ሆኖም መድማትና የእግር ደም እጥረት አብረዋት መጡ፣ ጥቅሟም የታየው ልብን የሚመግበው የደም ሥር በድንገት በተዘጋባቸው፣ በጥንቃቄ በተመረጡ ታማሚዎች ላይ ነው።

ከደላንታ ወይም ከመቅደላ በቃሬዛ ወርዶ መኪና መንገድ ለሚደርስ ታማሚ እነዚህ መሣሪያዎች ሩቅ ናቸው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ድካም የሚዳርገው በልጅነት በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የልብ በር ጉዳት ነው፤ ይህ የልብ በር ጉዳት ያለበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ጉዳቱ እንዳይብስ ይከላከላል። ጡንቻው ለደከመ ልብ ደግሞ እንደ ኤናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ ክኒኖች ዕድሜ ያረዝማሉ፤ በ2019 ለስኳር ሕመም የተሠራው ዳፓግሊፍሎዚንም ስኳር የሌለባቸውን ሳይቀር እንደሚረዳ ተረጋገጠ።

እብጠቱ ስለጎደለ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ትንፋሽ አጥሮት እጁ ከቀዘቀዘ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አስታማሚው የክኒኑን ካርቶን ይያዝ፤ መቼ እንዳቆመም ለሐኪሙ ይንገር።