አንድ አልበም፣ ብዙ እትም፦ ድምፁ ያማረውን ሸክላ እንዴት እናገኛለን?

[በምስል፦ ሁለት ሸክላዎች ጎን ለጎን፤ ሽፋናቸው አንድ ዓይነት ነው]

ሁለቱም የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ናቸው። ሽፋናቸው ያው፣ ተጫዋቾቹ ያው፣ የተቀረጹበትም ቀን ያው። አንዱን አስቀምጣችሁ መርፌውን ስታወርዱ የጂሚ ኮብ ሲምባል ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። በሌላው ላይ ያው ሲምባል ገና ከመመታቱ ይከስማል። የፖል ቼምበርስ ቤዝ በአንዱ ላይ ጣቱ ክሩን ሲለቅ ሳይቀር ይለያል፤ በሌላው ላይ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ማጫወቻው አንድ፣ ማጉያው አንድ፣ መርፌውም አንድ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? የምትወዱትን አልበም በሸክላ ልትገዙ ስትነሱ ከፊታችሁ ከተደረደሩት እትሞች ውስጥ ያማረውን በምን ታውቁታላችሁ? ብዙ ሰው «የመጀመሪያውን እትም ፈልግ» ይላችኋል። ምክሩ አንዳንዴ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እኔ የምለው፣ ከቀን መቁጠሪያው በፊት ድምፁ ከዋናው ቴፕ ተነስቶ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ በማን እጅ፣ በስንት ደረጃ እንዳለፈ ጠይቁ ነው። ይህን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሸክላው ራሱ ይነግራችኋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።)

[በምስል፦ የስቱዲዮው አዳራሽ ፎቶግራፍ]

«ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተቀረጸው በ1959 ማርች 2 እና ኤፕሪል 22፣ ኒው ዮርክ 30ኛ ጎዳና ላይ በነበረው የኮሎምቢያ ሙዚቃ ኩባንያ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። በአልበሙ ላይ የምትሰሙት ያ አየር የተገኘው ከአዳራሹ ነው። ድምፁ ባለ ሦስት ትራክ ቴፕ ላይ ገባ፤ ከዚያ ተቀላቅሎ ማስተር ቴፕ ሆነ።

ቴፑ ወደ ሸክላ የሚሻገረው በቆራጩ ባለሙያ እጅ ነው። ባለሙያው ላከር በተባለ ለስላሳ ልባስ የተሸፈነ የአሉሚኒየም ዲስክ (ዲስኩም ራሱ «ላከር» ይባላል) መቁረጫ ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል። ቴፑ ሲጫወት የጋለ መቁረጫ መርፌ ድምፁን እየተከተለ ጠመዝማዛ ቦይ ይቀርጻል። ይህ ሥራ ቴፑን ማጫወት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ቢቆርጠው አንድ በሆነ ነበር። ነገር ግን ሸክላ ድንበር አለው። ከባድ ቤዝ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል። ቦዩ በሰፋ ቁጥር በአንድ ገጽ የሚገባው ደቂቃ ይቀንሳል። ለዚህም ነው ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ የሚቆረጠው፤ ቤታችሁ ያለው የሸክላ ማጉያ ደግሞ መልሶ ያስተካክለዋል። የዚህ ማስተካከያ ልክ በአሜሪካ ከ1954 ወዲህ አንድ ወጥ ሆኗል።

ሌላም ነገር አለ። በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞር ባለ 12 ኢንች ሸክላ ከዳር ሲጀምር ቦዩ በመርፌው ሥር በሰከንድ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያልፋል። መሃል ሲደርስ ይህ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ይታጨቃል ማለት ነው። የብዙ አልበም የመጨረሻ ሙዚቃ በሸክላ ላይ የሚሻክረው በዚህ ነው። አንዳንድ አዳዲስ እትሞች አንዱን አልበም በሁለት ሸክላ ከፍለው በ45 ዙር የሚያወጡትም ለዚሁ ነው፤ ገጹን ቶሎ ቶሎ መገልበጥ ቢያሰለችም ቦዩ ይረዝማል፣ ድምፁም ይተነፍሳል።

ስለዚህ ቆራጩ ሁልጊዜ ይመርጣል። ድምፁን ከፍ ያድርገው ወይስ ይቆጠብ? ቤዙን ይልቀቀው ወይስ ይቆንጥጠው? የእጁን ክብደት የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ የ1969ኙ የሮክ አልበም «ሌድ ዘፐሊን 2» ነው። ሮበርት ሉድዊግ ያኔ ወጣት ባለሙያ ነበር፤ አልበሙን በሙሉ ጉልበቱ ቆረጠው። እሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ አንድ ቅጂ ለአንዲት ልጅ ደረሰ፤ የልጅቷ ርካሽ ማጫወቻ ግን ጉልበቱን መሸከም አቅቶት መርፌው ይዘል ጀመር። አሳታሚው አትላንቲክ ኩባንያ አልበሙ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደገና እንዲቆረጥ አዘዘ። ቴፑ አልተቀየረም፣ ሽፋኑም አልተቀየረም። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች መሃሉ ላይ የሉድዊግን ስም መነሻ ሁለት ፊደላት፣ አር እና ኤልን፣ ለማግኘት አገር ያስሳሉ። ከዚያ በኋላ ከወጡት ተራ እትሞች ጋር አነጻጽራችሁ ስትሰሙት ምክንያቱ ወዲያው ይገባችኋል፤ ከበሮው ደረት ይመታል።

[በምስል፦ ከሌብሉ (መሃል ላይ ከተለጠፈው ክብ ወረቀት) ዙሪያ ያለው ባዶ ቦታ፣ በጎን ብርሃን]

እነዚያ ፊደላት ያሉት እዚህ ነው። ሙዚቃው አልቆ ሌብሉ ከመጀመሩ በፊት ባለው ባዶ ቀለበት ላይ። ሸክላውን ወደ መስኮት አዘንብሉት፤ ብርሃኑ በጎን ሲመታው በእጅ የተጫረ ወይም በማተሚያ የተመታ ጽሑፍ ይወጣል። የማትሪክስ ቁጥር ይባላል። የላከሩን መለያ፣ ብዙ ጊዜ የቆራጩን ምልክት፣ አንዳንዴም የፋብሪካውን ምልክት ይይዛል። ብሉ ኖት በተባለው ኩባንያ የጃዝ ሸክላዎች ላይ የሩዲ ቫን ጌልደርን ስም ወይም የስሙን ሦስት መነሻ ፊደላት ካያችሁ፣ ሙዚቃውን የቀረጸው ሰው ራሱ ቆርጦታል ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ቀለም ከሚጻፍ ማስታወቂያ ሁሉ ይህች ጭረት ትበልጥብኛለች።

ነገር ግን ቁጥሩን ማንበብ ብቻውን አያዋጣም። ላከሩ ከተቆረጠ በኋላ ብር ይረጭበታል፣ ኒኬል ይለበጣል፤ ከኒኬሉ በሙያው «እናት» የሚባለው ቅጂ ይወጣል፤ ከእናቲቱ ደግሞ ትኩሱን ፕላስቲክ የሚጫኑት ማተሚያዎች ይወጣሉ። አንድ ማተሚያ አንድ ሺህ ገደማ ሸክላ ከጨመቀ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። ከአንድ ላከር የተወለዱ፣ ማትሪክሳቸው አንድ የሆነ ሁለት ሸክላዎች እንኳ አንዱ በማለዳው ማተሚያ፣ ሌላው በደከመው ታትመው ሊለያዩ ይችላሉ።

ኮሎምቢያ ደግሞ ፋብሪካዎቹ በተለያዩ ከተሞች ስለነበሩ ለአንድ አልበም ብዙ ላከር ያስቆርጥ ነበር። በማትሪክሱ መጨረሻ «1ኤ» የሚል ሸክላ «1ኤፍ» ከሚለው የግድ አይቀድምም፤ የግድም አይበልጥም። ሁለቱ ባንድ ወቅት ተቆርጠው ወደተለያየ ፋብሪካ ሄደው ሊሆን ይችላል። ሻጩ «1ኤ ነው» ብሎ ዋጋውን እጥፍ ሲያደርግባችሁ ይህን አስታውሱ።

እዚህ ላይ ልጨምር፤ ላከር የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ፣ ካሊፎርኒያ ባኒንግ የነበረው አፖሎ ማስተርስ፣ በፌብሩዋሪ 2020 ተቃጠለ። የጃፓኑ ቀረ። በመላው ዓለም ያለ የሸክላ ሥራ በዚህ ያህል ቀጭን ክር ላይ መንጠልጠሉ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

[በምስል፦ ስድስት ዓይን የመሰለ ምልክት ያለበት ቀይ ሌብል]

ወደ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንመለስ። የ1959ኙ እትም ሌብል ቀይ ነው፤ ዓይን የሚመስል ስድስት ምልክት አለበት። የሞኖው (ድምፁ በአንድ መስመር የሚሰማው) ቁጥር ሲ ኤል 1355፣ የስቴሪዮው (በግራና በቀኝ የሚከፈለው) ሲ ኤስ 8163 ነው። ንጹሕ ቅጂ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ድምፁም በእውነት ያምራል፤ ቴፑ ገና ትኩስ ሳለ ነው የተቆረጠው።

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ነገር አለበት። በማርች 2 ቀን ዋናው ቴፕ መቅጃ ከትክክለኛው ፍጥነት ዝግ ብሎ ይዞር ነበር። ዝግ ብሎ የተቀዳ ቴፕ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ ቃናውም ከፍ ይላል። በዚያ ቀን የተቀረጹት «ሶ ዋት»፣ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» እና «ብሉ ኢን ግሪን» ናቸው፤ ሙሉው የመጀመሪያ ገጽ ማለት ነው። ጭማሪው ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ስለሆነ ለተራ ሰሚ አይታወቅም። ከሸክላው ጋር ፒያኖ ለመለማመድ የተቀመጠ ሰው ግን ሙዚቃውን በሁለት ቁልፎች መካከል ያገኘዋል፤ የትኛውንም ቢነካ አይገጥምም። ለሦስት አሥርት ዓመታት ዓለም የሰማው እንዲህ ያለውን ነው። በዚያው ቀን ለመጠባበቂያ በሌላ ማሽን የተቀዳው ቴፕ ግን ፍጥነቱ ትክክል ነበር። እሱ ተገኝቶ አልበሙ ተስተካክሎ የወጣው በ1992 ነው።

እንግዲህ «ዋናው» የቱ ነው? በ1959 ሱቅ የገባው ወይስ ቢል ኢቫንስ እጁን ፒያኖው ላይ ሲያሳርፍ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ቃና? እኔ የማደላው ለአዳራሹ ነው። የተስተካከለውን ስሰማ «ብሉ ኢን ግሪን» ጥቂት ይረጋል፤ የማይልስ ትራምፔት ለመተንፈስ ጊዜ ያገኛል። የድሮው የለመደበትን ሰው ግን አልቃወመውም፤ ፍቅሩ ያደገው ከዚያ ጋር ነው። አዲስ እትም ስትገዙ የመጀመሪያው ገጽ ፍጥነት ተስተካክሎ እንደሆነ መግለጫውን አንብቡ። ማጫወቻችሁ ፍጥነት ማስተካከያ ካለው ደግሞ የድሮውን በጥቂቱ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት። ሁለተኛው ገጽ በኤፕሪል የተቀረጸ ስለሆነ ችግሩ የለበትም።

አዲስ እትም ስንል ደግሞ የ2022ቱን ግርግር ሳላነሳ አላልፍም። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከዋናው ቴፕ በሚሠራቸው ውድ ሸክላዎች የተከበረ ነበር። በዚያ ዓመት በፊኒክስ ከተማ የሸክላ ሱቅ ያለው ማይክ ኤስፖዚቶ በቪዲዮ ጥያቄ አነሳ፤ ኩባንያው ጋር ሄዶም ባለሙያዎቹን አነጋገረ። በብዙዎቹ እትሞች ቴፑ መጀመሪያ ወደ ዲጂታል ተገልብጦ፣ ላከሩ ከዚያ እንደተቆረጠ ባለሙያዎቹ አመኑ። የገዢው ቁጣ ትክክል ነበር፤ ለገንዘቡ እውነቱን ማወቅ ይገባዋል። ግን ደግሞ ዲጂታልን በጆሯችን እንለያለን ይሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች ለዓመታት ሲያሞግሱ ኖረዋል። በጥንቃቄ የተሠራ ዲጂታል ቅጂ ከደከመ ቴፕ ከተቆረጠ ግድየለሽ እትም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የማልቀበለው ከየት እንደመጣ መደበቁን ነው።

[በምስል፦ ሸክላ ሲታጠብ]

ጆሯችሁን ለመጠቀም ደግሞ ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሸክላዎቹን ከማወዳደራችሁ በፊት እጠቧቸው፤ የቆሻሻ ድምፅ የእትም ድምፅ መስሎ ብዙ ሰው አሳስቷል። ቀጥሎ የድምፁን ከፍታ አስተካክሉ። በጥቂቱ የጮኸ ሁሉ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል፤ አንዱ ሸክላ ከፍ ተደርጎ ተቆርጦ ከሆነ ሌላውን በማጉያው እኩል አድርሱት። የሚቻል ከሆነ ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ፤ የቱ እየተጫወተ እንደሆነ አትዩ። ረጅም የፒያኖ ድምፅ የሚዋልል ከሆነ የመሃሉ ቀዳዳ ከማዕከል ወጥቷል፤ ያ የዚያ ቅጂ ጉድለት ነውና እትሙን በጅምላ አትኮንኑበት። ገጹ ያብረቀርቃል ብላችሁም አትታለሉ፤ በድሮ ከባድ መርፌ የታረሰ ቦይ ለዓይን ንጹሕ ሆኖ ትራምፔቱ ከፍ ሲል ይሻክራል። ሻጩን ከፎቶ በፊት «አጫውተኸዋል ወይ?» በሉት።

የእኛው ሸክላ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ፋብሪካ አልነበረም፤ ሸክላዎቹ ውጭ አገር ታትመው ነበር የሚመጡት። ከዚያ ዘመን ዛሬ የሚገኙት አብዛኞቹ ደግሞ ሳይታክቱ የተጫወቱ ናቸው። ሰው ወዷቸው ነውና ቅር አይለኝም፤ ግን ዋናው እትም ስለሆነ ብቻ ጥሩ ይሰማል ብሎ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። የማስተር ቴፕ ካለ፣ አዲሱ ሊበልጥ ይችላል። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ በዎርዚ ሪከርድስ የወጣ ነው፤ ዋናው ሸክላ ብርቅ ነው። የእንግሊዙ ስትረት ኩባንያ በ2017 ከሞኖ ቅጂው ጋር መልሶ አውጥቶታል። ሁለቱን እየቀያየራችሁ ስሙ፤ እኔ ለከበሮውና ለቤዙ ሞኖውን፣ ለቪብራፎኑ ስቴሪዮውን እመርጣለሁ።

ፈቃድ የሌላቸው እትሞች ግን ብዙ ናቸው። ከቴፕ ሳይሆን ከአሮጌ ሸክላ የተቀዱ አሉ፤ ከፎቶ ኮፒ ላይ እንደተነሳ ፎቶ ኮፒ ናቸው። መለየት ይቻላል። አዲሱን ሸክላ እጠቡና በጆሮ ማዳመጫ በሁለት ሙዚቃ መካከል ያለውን ዝምታ ስሙ፤ ከዚያ ሙዚቃው ሲጀምር አድምጡ። የእሳት ፍንጣሪ የሚመስለው ድምፅ ሙዚቃው ሊጀምር ሲል ገብቶ ሙዚቃው ሲያልቅ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጭረቱ የእናንተ ሸክላ አይደለም። የተቀዳበት የአሮጌው ሸክላ ነው፤ ምንም ያህል ብታጥቡት አይለቅም። መልሱትና ገንዘባችሁን ጠይቁ።