ስኳሩን ስናወጣ ምን አብሮ ይወጣል? ካርብ ያነሰ ጣፋጭ በቤት ውስጥ

[ሁለት ኬክ ጎን ለጎን፣ ካሜራው ከላይ]

እስኪ እነዚህን ሁለት ኬኮች እዩልኝ። የገባባቸው እንቁላል፣ ቅቤና ዱቄት አንድ ነው፣ ኦቭን ውስጥም አንድ ላይ ነው የገቡት። የግራው ቡኒ ብሎ ተነፍቷል፣ የቀኙ ግን ገርጥቶ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፣ ስትቆርጡትም ደረቅ ነው፣ አፍ ውስጥ እንደ ዳቦ ነው የሚታኘከው። የቀኙ ላይ ስኳር አላደረግኩም፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። በፋንታው ስቴቪያ የሚባል ማጣፈጫ ጥቂት ጠብታ ጨመርኩበት፣ ማጣፈጡንማ አጣፍጦታል። የጎደለው ሌላው ሁሉ ነው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለዚሁ ነው። ያለ ስኳር ጣፋጭ መስራት ሲነሳ ሁሌ የሚጠየቀው "በስኳር ፋንታ ምን ልጨምር" ነው፣ ከዛ አንድ ሰው የሆነ ፓኬት ስም ይነግራችኋል፣ ትገዛላችሁ፣ ትሞክራላችሁ፣ አልሆን ይላችሁና ትተዉታላችሁ። እኔ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ስኳሩ እዚህ ውስጥ ምን ሲሰራ ነበር" የሚለው ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ስራውን ካወቃችሁ ማን ይተካው የሚለው ቀላል ነው።

እሺ ምን ይሰራል ስኳር? ውሃ ይይዛል፣ ኬክ በማግስቱም ለስላሳ የሚሆነው ለዛ ነው። ቅቤ ከስኳር ጋር ስትመቱ ደግሞ እነዛ ደቃቅ ፍሬዎች ቅቤው ውስጥ አየር ያስገባሉ፣ ኬኩ ኦቭን ውስጥ የሚነፋው ያ አየር ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር ተባብሮ ነው። የስንዴው ግሉተን (ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን) ተሳስሮ እንዳይጠነክር ውሃውን ይሻማዋል፣ ስለዚህ ኬኩ ይላላል። ሲሞቅ ቡኒ ይሆናል፣ ያ የምንወደው ሽታ ከዛ ነው የሚመጣው። አይስክሬም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ስራ አለው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አያለሁና ያሳዝነኛል። "ስኳር የለውም" እና "ካርብ የለውም" አንድ አይደሉም (ካርብ የምለው ካርቦሃይድሬትን ነው)። ማር ስኳር ነው፣ 100 ግራም ማር ውስጥ 82 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት አለ። ቴምር ፈጭቶ ኬክ ውስጥ ከቶ ከስኳር ነፃ ነው ማለትም እንደዛው ነው፣ ቴምር ፋይበር አለው ጥሩ ምግብ ነው ግን አብዛኛው ክብደቱ ስኳር ነው። ዱቄቱም አለ፣ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት 76 ግራም ገደማ ካርብ ነው፣ ሆዳችሁ ውስጥ ሲገባ ወደ ግሉኮስ ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ ስኳሩን አውጥታችሁ ዱቄቱን ከተዋችሁት ስራው ገና ግማሹ ነው።

እህቴ ስኳር በሽታ አለባት፣ አንድ ጊዜ ፓኬቱ ላይ በትልቁ ስኳር የለውም የሚል ብስኩት ገዝቼላት ደስ ብሏት በላች፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትለካ ከፍ ብሎ አገኘችው። ፓኬቱን ገልብጬ ጀርባውን ሳነበው ማልቲቶል ይላል፣ ቀጥሎም የስንዴ ዱቄት። ማልቲቶል ስኳር አልኮል ከሚባሉት አንዱ ነው (አልኮል ሲባል የሚያሰክረው አይደለም፣ የኬሚስትሪ ስሙ ነው)፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሲበዛ ደግሞ ሆድ ይነፋል ተቅማጥም ያመጣል። ከዛን ቀን ወዲህ የፓኬት ፊቱን አላምንም፣ ጀርባውን ነው የማነበው፣ እናንተም ጀርባውን አንብቡ።

[ጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ሳህኖች፣ እያንዳንዳቸው ነጭ ዱቄት ይዘዋል]

አሁን ወደ ማጣፈጫዎቹ። ሁሉንም አልዘረዝርም፣ እኔ የምጠቀምባቸውን ብቻ ነው የማወራው።

ስቴቪያ ከተክል ቅጠል የሚወጣ ነው፣ ንጹሁ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ያጣፍጣል፣ ማለት በጣም ትንሽ ነው የሚበቃው፣ ያቺ ትንሽዬ ነገር ደግሞ መጠን የላትም። 150 ግራም ስኳር አውጥታችሁ አንድ ቁንጥር ስታስገቡ 149 ግራም የሚያክል ነገር ከሊጡ ጎደለ ማለት ነው፣ የቀኙ ኬክ የወደቀው በዚህ ነው። ሲበዛ ደግሞ ይመራል። ጥሩ ረዳት ነው፣ ለብቻው ግን ኬክ አይሰራም።

ኢሪትሪቶል ግን መጠን አለው፣ ሲያዩትም ስኳር ነው የሚመስለው። የስኳርን 70 ፐርሰንት ያህል ያጣፍጣል፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሆን ይሄ 0.2 አካባቢ ነው። አብዛኛው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ይገባና ሰውነት ሳይጠቀምበት በሽንት ያስወጣዋል፣ ለዛ ነው የደም ስኳር የማይነካው፣ ሆድንም እንደ ማልቲቶል የማያስቸግረው። ችግሩ ሁለት ነው። ምላስ ላይ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ እንደ ሚንት ቀዝቀዝ ይላል፣ ክሬም ላይ ያምራል፣ ኬክ ላይ ግን ግር ይላል። ሌላው ደግሞ ተመልሶ ፍሬ ይሰራል። 100 ግራም ውሃ ወደ 200 ግራም ስኳር ያሟሟል፣ ኢሪትሪቶል ግን ከዛ በጣም ያነሰ ነው የሚሟሟው፣ ስለዚህ ኬኩ ሲቀዘቅዝ ቦታ ያጣው ሁሉ ወጥቶ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። መፍትሄው በመፍጫ እንደ ዱቄት አልሞ መፍጨት፣ መጠኑን መቀነስና የጎደለውን ጣፋጭነት በጥቂት ጠብታ ስቴቪያ መሙላት ነው። ሁለቱ አብረው ሲገቡ የስቴቪያው ምሬትም የኢሪትሪቶሉ ቅዝቃዜም ይቀንሳል፣ እኔ ለብቻ ለብቻ መጠቀም ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

አሉሎስ ካገኛችሁ ደግሞ እድለኛ ናችሁ፣ በሁሉም አገር አይሸጥም። እሱም 70 ፐርሰንት ያህል ያጣፍጣል፣ ግን ፍሬ አይሰራም፣ ውሃ ይይዛል፣ ቡኒም ይሆናል፣ እንደውም ከስኳር ፈጥኖ ስለሚቀላ ኦቭኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ አለባችሁ።

ዛይሊቶል የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ቤታችሁ ውሻ ካለ እባካችሁ አታስገቡት፣ ለሰው መርዝ አይደለም ውሻን ግን ትንሹም ሊገድለው ይችላል።

የጤናውንም ነገር ሳልሸፍን ልንገራችሁ። በ2023 የአለም ጤና ድርጅት እንደ ስቴቪያና ሱክራሎስ ያሉትን ማጣፈጫዎች ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትመኩባቸው የሚል ምክር አውጥቷል (ምክሩ ስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም)። በዛው አመት ክሊቭላንድ ክሊኒክ ያሉ ተመራማሪዎች ደማቸው ውስጥ ኢሪትሪቶል የበዛባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ህመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ በዝቶ እንዳዩ አሳትመዋል። ሰውነት ራሱም ኢሪትሪቶል ስለሚሰራ ያ ጥናት ብቻውን አመጣው ብሎ አያረጋግጥም፣ ቢሆንም እኔ ጣፋጭን በየቀኑ የሚበላ ነገር አላደርገውም፣ የልብ ችግር ያለበት ሰውም ሀኪሙን ይጠይቅ። ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ካርብ በአንዴ ስትቀንሱ ስኳራችሁ ከልክ በላይ ሊወርድ ስለሚችል መድሃኒቱን ከሀኪም ጋር ሳታስተካክሉ አትጀምሩ።

[ሳህን ውስጥ ክሬም ሲመታ]

እንስራ በቃ። ለጀማሪ ከቸኮሌት ሙስ ጀምሩ እላለሁ፣ ለምን ብትሉኝ እዚህ ውስጥ የስኳር ስራ ማጣፈጥ ብቻ ነው፣ ክሬሙን የሚያቆመው የራሱ ስብ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ዊፒንግ ክሬም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው ካካዋ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኢሪትሪቶል፣ ትንሽ ቫኒላና የጨው ቁንጥር። ካካዋውን በወንፊት ንፉት አለበለዚያ ይቋጠራል። ሁሉንም አንድ ላይ ትመቱታላችሁ፣ ሚክሰሩ መስመር ጥሎ ማለፍ ሲጀምር አቁሙ፣ ከዛ ካለፈ ቅቤ መሆን ይጀምራል። ካካዋ ራሱ መራራ ስለሆነ የስቴቪያን ምሬት ይደብቃል፣ ስለዚህ ስቴቪያ ብቻ ያላችሁም እዚህ ላይ ያምርላችኋል። ለሦስት ሰው ብታካፍሉት ለአንዱ 4 ግራም ካርብ ቢደርሰው ነው። ላዩ ላይ ፍራፍሬ ከፈለጋችሁ እንጆሪ አድርጉ፣ 100 ግራሙ 8 ግራም አካባቢ ነው፣ ሙዝ ግን 23 ነው።

ካስተርድና ቺዝ ኬክም ቀላል ናቸው፣ እነሱን የሚያቆማቸው እንቁላል ስለሆነ ስኳሩ ሲወጣ ብዙም አይሰማቸው።

ኬክ ነው ፈተናው። እዚህ ላይ ዱቄቱንም ስኳሩንም ነው የምናወጣው። በስንዴው ቦታ የአልመንድ ዱቄት እንጠቀማለን፣ 100 ግራሙ ውስጥ ፋይበሩ ሲቀነስ 10 ግራም ገደማ ካርብ ነው ያለው። የኮኮናት ዱቄትም ይሆናል ግን እሱ ውሃ እንደ ስፖንጅ ነው የሚመጠው፣ በአልመንዱ ልክ ካስገባችሁት ሊጡ አሸዋ ይሆንባችኋል፣ ሩቡን ያህል ብቻ አድርጉና እንቁላል ጨምሩ። አልመንድ ግሉተን ስለሌለው ሊጡን ብዙ አትምቱት ይጠነክራል የሚባለው እዚህ አይሰራም፣ የፈለጋችሁትን ያህል አማስሉት፣ ግን የሚይዘውም ነገር የለም፣ ስለዚህ መያዙንም መንፋቱንም ለእንቁላሉ ነው የምንሰጠው።

4 እንቁላል አስኳሉንና ነጩን ለዩ። አስኳሉን ከ80 ግራም ቀልጦ ከበረደ ቅቤ፣ ከ100 ግራም የተፈጨ ኢሪትሪቶል፣ ከጥቂት ጠብታ ስቴቪያና ከቫኒላ ጋር ምቱት። 200 ግራም የአልመንድ ዱቄት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና የጨው ቁንጥር ጨምሩ፣ ወፈር ይላል አትደንግጡ። ነጩን ለብቻው ጥቂት የሎሚ ጠብታ አድርጋችሁበት አረፋው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ምቱት፣ ሎሚው አረፋው እንዳይወርድ ያግዛል፣ በስኳር ቢሆን ይሄን ስኳሩ ነበር የሚሰራው። ከዛ አረፋውን ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ከስር ወደ ላይ እያነሳችሁ ቀስ ብላችሁ ቀላቅሉ፣ ቅድም ስኳሩ ቅቤ ውስጥ ያስገባው የነበረውን አየር አሁን በዚህ አረፋ ነው ያስገባነው ማለት ነው። 20 ሴንቲሜትር ቅርጽ ውስጥ፣ በ160 ዲግሪ፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ። ቀለሙን እያያችሁ አትጠብቁ ምክንያቱም ኢሪትሪቶል አይቀላም፣ የጥርስ እንጨት ሰክታችሁ ንጹህ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

እና እባካችሁ ትኩስ እያለ አትቁረጡት። ብዙ ሰው ኬኩ ተፈረፈረብኝ የሚለው እዚህ ላይ ነው፣ ግሉተን ስለሌለው የሚጸናው ስቡ ሲረጋ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ ፍሪጅ ቢያድር ደግሞ በማግስቱ የበለጠ ነው። 8 ቦታ ብትቆርጡት አንዱ ቁራጭ 3 ግራም ገደማ ካርብ ነው፣ በዛው ልክ ዱቄትና 150 ግራም ስኳር የተሰራው ግን ወደ 38 ይደርሳል። ካሎሪው ግን ይቀላል እንዳትሉ፣ አልመንድ ስብ ነው የሞላው፣ በጣም ያጠግባል፣ አንድ ቁራጭ ይበቃል።

[ፍሪዘር ሲከፈት]

አይስክሬም አልኩ አይደል። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው በዜሮ ዲግሪ እንዳይረጋ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ከፊሉ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፣ ማንኪያ የሚገባለት በዛ ነው። ስቴቪያ ስታደርጉ ያ ፈሳሽ የለም፣ ድንጋይ ይሆናል። ኢሪትሪቶል መጀመሪያ ይሟሟና ቅዝቃዜው ሲበረታ ደግሞ ፍሬ ሆኖ ይወጣል፣ እሱም ያጠነክረዋል። አሉሎስ ግን እንደሟሟ ይቆያል፣ እንዳለ የስኳሩን ስራ ነው የሚሰራው፣ እኔ ያለኝን አሉሎስ ሁሉ ለአይስክሬም ነው የማስቀምጠው።

3 አስኳል ከ90 ግራም አሉሎስ ጋር በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እየመታችሁ 75 ዲግሪ እስኪደርስ አብስሉት፣ እጃችሁን አታቋርጡ አለበለዚያ እንቁላል ጥብስ ይሆናል። ሲበርድ 400 ሚሊ ሊትር ለስለስ ብሎ ከተመታ ክሬም፣ ከቫኒላና ከጨው ቁንጥር ጋር ቀላቅሉት። ቅመሱት፣ ትንሽ በዝቶ ከጣፈጣችሁ ልኩ ነው፣ ብርድ ምላስ ላይ ጣፋጭነትን ይቀንሳል። አየር እንዳይገባው ክዳኑን ገጥማችሁ ስድስት ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ ተዉት። አሉሎስ አጥታችሁ በኢሪትሪቶል የሰራችሁት ደግሞ በትልቅ እቃ ሳይሆን በትናንሽ ኩባያ ከፋፍላችሁ አስቀምጡት፣ ከመብላታችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ በፊት አውጡትና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ጠርዙ መላላት ሲጀምር ማንኪያ ይገባለታል።