ከጊታሩ በፊት ቅኝቱ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ጭን ላይ አጋድመው፣ ክሩን በጣት ከመጫን ይልቅ ብረት እያንሸራተቱበት ስለሚጫወቱት ጊታር ነው። ላፕ ስቲልና ሬዞኔተር (ሳጥኑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎላ ስስ የብረት ኮን ያለው) የሚባሉትን፣ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰሙትን ማለቴ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ዋጋው ቀላል ሆኖ ደኅና የሚባለው የትኛው ነው?» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከመመለሴ በፊት «በምን ቅኝት መጫወት ትፈልጋለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቅኝት ስል እያንዳንዱ ክር የሚቃኝበትን ድምፅ ማለቴ ነው። ብዙዎች ይገረማሉ፤ ቅኝት ጊታሩ ቤት ከገባ በኋላ የሚወሰን ነገር ይመስላቸዋል። በዚህ መሣሪያ ግን ቅኝቱ ከግዢው በፊት መወሰን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በተለመደው ጊታር ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ፣ የሚሠራው በግራ እጅ ጣቶች ነው። እያንዳንዱ ጣት የየራሱን ቦታ ይይዛል፣ ቅርጹ ይቀያየራል። ጭን ላይ በሚጫወቱት ጊታር ግን ጣቶቹን የሚተካው አንድ ቀጥ ያለ ብረት ነው። ብረት አይታጠፍም፤ ስድስቱንም ክሮች በአንድ መስመር ላይ ይነካል። ስለዚህ ክሮቹ ገና ሳይነኩ፣ ክፍት እንደሆኑ፣ አብረው ሲመቱ ሙሉ ኮርድ መስጠት አለባቸው። የጣቶቹን ሥራ ቅኝቱ ወሰደው ማለት ነው። ቅኝቱን ስትመርጡ የምትጫወቱትን ሙዚቃ ጠባይም አብራችሁ ትመርጣላችሁ፤ ክሮቹ አንገቱን የሚጎትቱበት ኃይልም አብሮ ይወሰናል። የዋጋው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ቅኝቶችን ላነጻጽር። የመጀመሪያው ኦፕን ዲ ነው። ክሮች የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ጀምሮ ነው፤ ቅኝቱን ግን ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ እጠራለሁ፦ ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ። ከመደበኛው ቅኝት ማለትም ከኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተነስታችሁ ወደዚህ ስትሄዱ አምስተኛውና አራተኛው ክር ባሉበት ይቆያሉ፤ የቀሩት አራቱ ይላላሉ። የሚወጠር አንድም ክር የለም። ስለዚህ መደበኛውን ቅኝት የሚችል ማንኛውም ጊታር፣ አሮጌም ቢሆን፣ ይህን ቅኝት ያለ ሥጋት ይሸከማል።

ሁለተኛው የሬዞኔተር ተጫዋቾች ከፍተኛው ጂ የሚሉት ነው፦ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ። እዚህ መካከለኞቹ ሦስት ክሮች ማለትም አራተኛው፣ ሦስተኛውና ሁለተኛው አይነኩም። የመጀመሪያው በአንድ ሙሉ ድምፅ ይወርዳል። አምስተኛው ግን ከኤ ወደ ቢ፣ ስድስተኛው ደግሞ ከኢ ወደ ጂ ይወጣሉ። የአንድ ክር ውጥረት የሚያድገው ከድግግሞሹ (በሴኮንድ ከሚርገበገብበት ቁጥር) ስኩዌር ጋር ነው። ስለዚህ ያንኑ ክር በሦስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ስታደርጉት ውጥረቱ በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በሁለት ግማሽ ድምፅ ከሆነ በ26 በመቶ ገደማ። ጭን ላይ የሚጫወቱት ሬዞኔተር ጊታር አንገቱ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ያ ወፍራም አንገት የተሠራው በእጅ እንዲጨበጥ ሳይሆን ውጥረቱን እንዲችል ነው።

ታዲያ ሁለቱ ቅኝቶች ሲሰሙ ምን ይመስላሉ? በኦፕን ዲ ከስድስቱ ክሮች አምስቱ ዲ እና ኤ ብቻ ናቸው። ኮርዱ ሜጀር መሆኑን የሚናገረው ሦስተኛው ክር፣ ኤፍ ሻርፑ፣ ብቻውን ነው። ያንን ክር ካልመታችሁት የቀረው ድምፅ ደስታም ኀዘንም አይደለም፤ የትኛውንም ዜማ ይቀበላል። ከታች ያለው ጥልቅ ዲ እየተጎተተ መሠረት ይሆናል። ብቻዬን ስጫወት ከዚህ የተሻለ ቅኝት አላውቅም፤ ዝምታ የሚበዛበት ዜማ ይወጣዋል። ከፍተኛው ጂ ግን ሁለት ቢ አለው፤ ክሮቹም በድምፅ ተቀራርበው የተደረደሩ ናቸው። ብሩህ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከባንጆና ከቫዮሊን መካከል ዘልቆ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1955 ከሌስተር ፍላትና ከኧርል ስክራግስ ባንድ ጋር መጫወት የጀመረው ጆሽ ግሬቭስ፣ የባንጆን ባለሦስት ጣት አመታት ወደ ሬዞኔተር ሲያመጣ ይህ የክሮች መቀራረብ ነው ያመቸው። እንዲያ ያለ ሙዚቃ የሚያምረው ሰው ኦፕን ዲ ይዞ ቢደክም አይረካም። ጥልቀት የሚፈልግ ሰውም ከፍተኛውን ጂ ይዞ የታችኛው ድምፅ ያጥረዋል።

አሁን ወደ ዋጋው እመለሳለሁ። ምርጫችሁ ኦፕን ዲ ከሆነ ምናልባት ምንም ጊታር መግዛት አያስፈልጋችሁም። ቤት ውስጥ የተረሳ፣ አንገቱ ትንሽ የጎበጠ፣ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም ያሉት የብረት መስመሮች) የተበሉ ጊታር ካለ ይበቃል። በጣት ለመጫወት የማይመች ያደረገው ጉድለት እዚህ ከቁጥር አይገባም፤ ብረቱ ፍሬቱን ጨርሶ አይነካውምና። ፍሬቶቹ የቦታ ምልክት ብቻ ይሆናሉ። ክሮቹን አላልታችሁ፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ትንሽ አጥንት የሚሸፍን የብረት ማንሻ ታስቀምጣላችሁ። ርካሽ ዕቃ ነው። ክሮቹን ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋቸዋል።

ማንሻው ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚያደርሳችሁ። የተለመደ ጊታር ብሪጅ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ላይ ያለው አጥንት ቅስት ነው፤ መካከለኞቹ ክሮች ከዳርና ዳሩ ከፍ ይላሉ። ብረት ግን ጠፍጣፋ ሜዳ ይፈልጋል። መካከለኞቹን ተጭኖ ዳርቻዎቹን በደንብ ካልነካ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ይወጣል፤ ሰውም «ጊታሩ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ይተወዋል። መፍትሔው ላዩ ቀጥ ያለና ትንሽ ከፍ ያለ አጥንት ማስገባት ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ሲያማርር በሰማሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ጊታሩ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳልና።

አሮጌ ጊታር ስትመርጡ ከአንገቱ ይልቅ ሳጥኑን እዩ። ከብሪጁ ኋላ እንጨቱ አብጧል? ብሪጁ ራሱ ከሙጫው እየተላቀቀ ነው? መቃኛ ቁልፎቹ ይንሸራተታሉ? ከእነዚህ አንዱ ካለ ተዉት።

ከመቀየር ይልቅ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ የሚፈልግ ሰው፣ አንገቱ ውስጡ ክፍት ሆኖ ከሳጥኑ ጋር የተዋሐደውን ዓይነት ይይ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኸርማን ቫይሰንቦርን ከሃዋይ በሚመጣ ኮኣ በሚባል እንጨት ይሠራው የነበረው መሣሪያ ነው መነሻው። የዛሬዎቹ ቅጂዎች ከሌሎች እንጨቶች ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም የማይደፈር አይደለም። ድምፃቸው ሰፊና ለስላሳ ነው። ሲበዛ ቀላልና ስስ ስለሆኑ ግን ኦፕን ዲን ይወዳሉ፤ ከዚያ በላይ አትወጥሯቸው።

ምርጫችሁ ከፍተኛው ጂ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ለመሞከር ያህል በተለመደ ጊታር ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን ክሮቹን ቀይሩ። በተለመደው ስስ የክር ስብስብ ስድስተኛው ክር 0.053 ኢንች ነው። በ0.044 ገደማ ብትተኩት ወደ ጂ ሲወጣ ውጥረቱ ከቀድሞው ብዙም አይለይም። አምስተኛውንም ከ0.042 ወደ 0.037 ገደማ አቅጥኑት። ለሬዞኔተር ተብሎ የሚሸጠው ስብስብ ግን የተገላቢጦሽ ወፍራም ነው፤ ባለ አራት ማዕዘን አንገት ላይ ብቻ እንዲገባ የታሰበ ነው። እሱን በተራ ጊታር ላይ አታስሩ። ብሪጁን ነቅሎ ሊያነሣው ይችላል።

ሬዞኔተር ራሱ ከየት መጣ? ሥሩ ሃዋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ኦዋሁ ደሴት ላይ፣ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ ወጣት በክሮቹ ላይ ብረት ማንሸራተት እንደጀመረ ይነገራል፤ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ የራሱን ብረት እስከ መሥራት ደርሷል። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የሃዋይ ሙዚቃ አሜሪካን አጥለቀለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ጊታሩ በትልልቅ አዳራሾች በናስ መሣሪያዎች መካከል አልሰማ አለ። ጆርጅ ቢቻም የተባለ ተጫዋች መሣሪያ ሠሪውን ጆን ዶፒዬራን ቀርቦ መላ እንዲፈልግ ጠየቀው። በ1927 ናሽናል የተባለው ኩባንያቸው ሦስት ስስ የአሉሚኒየም ኮኖች በውስጡ የያዘ ጊታር ለገበያ አወጣ። ዶፒዬራ ብዙም ሳይቆይ ከናሽናል ተለይቶ ከወንድሞቹ ጋር ዶብሮን ጀመረ፤ የእነርሱ አንድ ኮን ብቻ ነበረው፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ የተከፈተ፣ ክሮቹንም የሚሸከመው ባለ ስምንት እግር ሸረሪት መሰል ብሪጅ ነበር። ጭን ላይ በከፍተኛው ጂ ለሚጫወት ሰው እስከ ዛሬ ዋናው ምርጫ ይህ ባለ ሸረሪቱ ነው። የሚደንቀኝ ግን ያው ቢቻም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኤሌክትሪክ ላፕ ስቲል ሥራ ውስጥ መግባቱ ነው። ያ መሣሪያ በ1932 ገበያ ሲወጣ ቅርጹ መጥበሻ ስለሚመስል በዚያ ስም ተጠራ፤ ሬዞኔተር የተፈጠረለትን የድምፅ ማነስ ችግርም በሌላ መንገድ ፈታው። ሬዞኔተር ለድምፁ ጉልበት ተፈጥሮ፣ በድምፁ ጠባይ ተወዶ ኖረ።

በርካሽ ሬዞኔተር ላይ ልዩነቱ ያለው ኮኑ ላይ ነው። ርካሹ ኮን በማተሚያ ተጭኖ የተሠራ ነው፤ የተሻለው በሚሽከረከር ቅርጽ ላይ ተስቦ የሚሠራ ሲሆን ቀለል ያለና ቶሎ የሚንቀሳቀስ ነው። ኮን ይቀየራል። ስለዚህ ሳጥኑና አንገቱ ጤነኛ የሆነ ርካሽ ሬዞኔተር ገዝቶ፣ ሲቻል ኮኑን መቀየር ብልህ መንገድ ነው እላለሁ። በሽፋኑ ላይ ላለው ጌጥና ለኒኬሉ አንጸባራቂነት ግን አንድም ሳንቲም አትጨምሩ።

ብረቱን እንዳልረሳ። ከሁሉ በፊት ገንዘብ የሚወጣበት እርሱ ነው። ቀላልና ባዶ ቱቦ ድምፁን ያቀጥነዋል፤ ከበድ ያለ፣ ድፍን፣ ላዩ የለሰለሰ ብረት ድምፁን ያቆየዋል። በጣት ከሚጫወቱት ጊታር በተለየ፣ ብረቱ የሚቀመጠው ከፍሬቱ መስመር ኋላ ሳይሆን በትክክል መስመሩ ላይ ነው። ከብረቱ ኋላ ያሉት ጣቶች ክሮቹ ላይ ቀስ ብለው ማረፍ አለባቸው፤ አለዚያ ከኋላ የማይፈለግ ጩኸት ይመጣል።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልለፍ፤ የዚህ ሁሉ ልብ እርሱ ነውና። ኦፕን ዲን በኤሌክትሮኒክ መቃኛ አስተካክላችሁ፣ መብራቱ በስድስቱም ክሮች ላይ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ምቱ። ቀስ ብላችሁ ካዳመጣችሁ ኮርዱ ውስጥ የሚወዛወዝ ነገር ትሰማላችሁ፤ እረፍት የሌለው ነገር። መቃኛው አልተሳሳተም። ኦክታቩን በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚከፍለውን ሥርዓት ነው የሚከተለው። በዚያ ሥርዓት ሜጀር ሦስተኛው ድምፅ፣ እዚህ ከዲ እስከ ኤፍ ሻርፕ ያለው ርቀት፣ 400 ሴንት ነው (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው)፤ ተፈጥሯዊው ግን 386 ገደማ ነው። ክፍት ቅኝት ባለው፣ ድምፁ ረጅም በሆነ መሣሪያ ላይ ይህ የ14 ሴንት ልዩነት በግልጽ ይሰማል። ስለዚህ ኤፍ ሻርፑን በጣም በጥቂቱ አላልታችሁ መወዛወዙ ሲቀንስ አዳምጡ። ድንገት ስድስቱ ክሮች እንደ አንድ ይሆናሉ፤ ሳጥኑ ራሱ የተከፈተ ያህል ነው። በከፍተኛው ጂ ደግሞ ሁለቱን ቢ ነው የምታላሉት። ብዙ ተጫዋቾች እስከ መጨረሻው አይሄዱም፤ ከፒያኖ ጋር ሲጫወቱ እንዳይጣሉ መንገድ ላይ ይቆማሉ። እኔም ከሰው ጋር ስሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እስከ መጨረሻው አወርደዋለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ለርካሽ መሣሪያ ከምንም በላይ ስለሚጠቅም ነው። ውድ ባልሆነ ጊታር ላይ በጆሮ የተስተካከለ ሦስተኛ ድምፅ፣ በመቃኛ ብቻ የተቃኘ ውድ ጊታር የማይሰጠውን ውበት ይሰጣል። ሞክሩት፤ ዛሬውኑ፣ በእጃችሁ ባለው ጊታር፣ ብረት ባይኖራችሁም ክፍት ክሮቹን ብቻ እየመታችሁ።

ሲ ሲክስዝ ስለሚባለው ቅኝት፣ ጄሪ በርድ ስላስወደደው፣ ዛሬ አልነካሁም። ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ነው፤ ሜጀሩንም ማይነሩንም በአንድነት ስለሚይዝ ብረቱን አጋድሞ የመያዝ ጥበብ ይፈልጋል፤ ክሮቹም ከመደበኛው ስብስብ ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። በሚቀጥለው ክፍል ከእርሱ እጀምራለሁ። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።