1,000 ተማሪ መቼ 204 ይሆናል?

[ስክሪኑ ላይ፦ በቀይ ማስጠንቀቂያ የተሞላ የኮድ መስኮት]

ይሄን ቀይ ጽሑፍ ያየ ያውቀዋል። ኮዱ ሮጧል፤ ውጤትም ሰጥቷል፤ ግን ሞዴሉ አንድ ቦታ ላይ ተንገራግጯል። ብዙ ተመራማሪ የከፍተኛ ስታቲስቲክስ ሞዴሊንግ ስልጠና የሚመዘገበው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው። አለዚያ ደግሞ የጆርናል ገምጋሚ "መልቲሌቭል ሞዴል ለምን አልተጠቀማችሁም?" ብሎ ሲጽፍለት።

መልቲሌቭል ሞዴል ማለት በቡድን በቡድን የተከፋፈለ ዳታን ያገናዘበ ስሌት ነው። የገምጋሚው ጥያቄ ተገቢ ነው። ለምን እንደሆነ እንየው።

[ስክሪኑ ላይ፦ 25 ሳጥኖች፣ በየሳጥኑ 40 ነጥቦች]

አንዲት ተመራማሪ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ልትፈትሽ ነው እንበል። 25 ክፍሎች አሏት። 12ቱ በአዲሱ ዘዴ ይማራሉ፤ 13ቱ በነባሩ። በየክፍሉ 40 ተማሪ አለ፤ በድምሩ 1,000። የሚያስቀና ናሙና ነው።

ዳታውን ተራ ሪግሬሽን (አንድ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚገምት ስሌት) ውስጥ ብትከተው ሶፍትዌሩ 1,000 የማይገናኙ ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ግን አንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች መምህራቸው አንድ ነው፤ የሚረብሻቸው ጩኸት እንኳን አንድ ነው። የአንዱን ውጤት ካየን የጎረቤቱን በጥቂቱም ቢሆን መገመት እንችላለን። ስለዚህ አርባኛው ልጅ የመጀመሪያውን ያህል አዲስ ነገር አይነግረንም።

ይህ መመሳሰል የሚለካው ኢንትራክላስ ኮሪሌሽን በሚባል ቁጥር ነው። ከጠቅላላው የውጤት ልዩነት ምን ያህሉ በክፍሎች መካከል እንዳለ ያሳያል። 0.10 ነው እንበል። ትንሽ ይመስላል አይደል?

[ስክሪኑ ላይ፦ ስሌቱ ደረጃ በደረጃ]

ከ40 ላይ 1 ቀንሱ፤ 39። በ0.10 አባዙት፤ 3.9። 1 ጨምሩበት፤ 4.9። አሁን 1,000ን ለ4.9 አካፍሉ። 204 ገደማ።

አዎ፣ 204። ሁለቱን ዘዴዎች ለማነጻጸር እነዚያ 1,000 ልጆች የሚሰጡን መረጃ፣ አንድ በአንድ በዕጣ ከተመረጡ 204 ልጆች የምናገኘውን ያህል ነው። ተራው ሪግሬሽን ግን ይህን ስለማያውቅ ስታንዳርድ ኤረሩን፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካውን ቁጥር፣ ከእውነተኛው ከግማሽ በታች አሳንሶ ያቀርበዋል። ያቺ የምታምር ትንሽ ፒ-ቫልዩ (ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድል) የመጣችው ከዚህ ነው።

መልቲሌቭል ሞዴል የክፍሎቹን ልዩነትና የተማሪዎቹን ልዩነት ለየብቻ ይገምታል። አር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለመጻፍ አንድ መስመር ኮድ ይበቃል። መስመሩን ለመቅዳት ደግሞ አምስት ደቂቃ። ታዲያ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ስልጠና ላይ ምን ይሠራል?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የፈጠራ ዳታ ይሥራ።

ማጭበርበር አይደለም፤ ሲሙሌሽን ይባላል። እውነቱን ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ለምሳሌ አዲሱ ዘዴ ምንም ለውጥ አያመጣም ትላላችሁ፤ ልዩነቱ ዜሮ። ከዚያ ኮምፒውተሩ 25 ክፍልና 1,000 ተማሪ ይፈጥርላችኋል፤ እናንተም ሞዴሉን ትሞክሩበታላችሁ። ይህንኑ ሺህ ጊዜ ትደጋግሙታላችሁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ በፍጥነት የሚደራረቡ ግራፎች]

በተለመደው መስፈርት ተራው ሪግሬሽን ከ100 ሙከራ በ5ቱ ብቻ "ልዩነት አለ" ብሎ መሳሳት ነበረበት። እዚህ ግን ከሦስት ሙከራ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሳሳታል። የሌለ ነገር አገኘሁ ይላችኋል። ይህን በገዛ ኮዱ ያየ ሰው ስለ ናሙና ጥገኝነት ሌላ ስላይድ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ከመመዝገባችሁ በፊት የስልጠናውን ፕሮግራም ይህን ይዛችሁ ተመልከቱ። ኮድ የምትጽፉበት ሰዓት ስንት ነው? የራሳችሁን ዳታ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ? መልቲሌቭል፣ ቤዚያን፣ ስትራክቸራል ኢኩዌሽንና ማሽን ለርኒንግ በሦስት ቀን እናስተምራለን የሚል ካጋጠማችሁ እለፉት። ሰርቲፊኬቱ ይደርሳችኋል፤ ትምህርቱን እንጃ። ተራ ሪግሬሽን ገና የሚያደናግራችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። በዚህ አያፍሩም።

ስለ ቤዚያን፣ ማለትም አስቀድመን የምናውቀውን ከዳታው ጋር ስለሚያጣምረው ስሌት፣ አንድ ነገር ልበል፤ ሰዎች አዲስ ፋሽን ይመስላቸዋል። ስሙን የሰጠው የቶማስ ቤይስ ጽሑፍ የታተመው በ1763 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም ሰውዬው ከሞተ በኋላ። አዲሱ ነገር ስሌቱን የሚችል ኮምፒውተርና ሶፍትዌር መገኘቱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታን የተባለው ሶፍትዌር አንዱ ነው። በተለይ የክፍሎቹ ቁጥር ሲያንስ፣ አስቀድመን የምናውቀውን ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት መቻሉ በጣም ይጠቅማል።

[ስክሪኑ ላይ፦ ቀዩ ማስጠንቀቂያ እንደገና]

ወደ ቀዩ ጽሑፍ እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚለው ይሄን ነው፦ "ከዳታው አቅም በላይ ጠይቃችሁኛል።" 25 ክፍል ብቻ ይዘን፣ መነሻ ውጤቱም፣ የጾታ ልዩነቱም፣ የዕድሜ ተጽዕኖውም በየክፍሉ ይለያይ ብለናል። ሞዴሉ አንዱን ልዩነት ዜሮ ላይ አጣብቆ ተወው። ታዲያ ማስጠንቀቂያው እስኪጠፋ ኮዱን በዘፈቀደ መሰረዝ አይደለም። ይሄንኑ ሞዴል በፈጠራ ዳታ ላይ አስኪዱት። እውነተኛውን መልስ እናንተው ሰጥታችሁት፣ 25 ክፍል ይዞ መልሶ ማግኘት ካቃተው፣ በእውነተኛው ዳታ ላይም አያገኘውም። 60 ክፍል ስጡትና ደግማችሁ ሞክሩ።

[ስክሪኑ ላይ፦ በኮዱ ውስጥ 25 ተሰርዞ 60 ይጻፋል፤ ኮዱ መሮጥ ይጀምራል]