ኦፊስ ከተቀየረ በኋላ የኤክሴል አድኢን እምቢ ሲል

[ስክሪን ላይ፦ የክፍያ ቫውቸር]

ሰላም ነው? እንግባበት። የመስሪያ ቤታችሁ አይቲ መጥቶ አዲስ ኦፊስ ጭኖላችሁ ሄደ፣ እናንተ የክፍያ ቫውቸሩን ስትከፍቱ የብሩ መጠን በፊደል የሚጻፍበት ቦታ ላይ ‹አስራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር› ማለት ሲገባው ሃሽ ኔም የሚባለው ኤረር ቁጭ ብሏል። ካሸሯ ደሞ ቼክ ልትጽፍ ቆማ እየጠበቀች ነው። ኦፊስ 2016 እና 2019 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ስለቆመባቸው ይሄን ቅያሬ እያደረገ ያለው ቢሮ ብዙ ነው።

ኤክሴል ራሱ ቁጥርን ወደ አማርኛ ቃል የሚቀይር ፎርሙላ የለውም (የሚገርመው ለታይላንድ ባህት አለው፣ ለብር ግን የለም) ስለዚህ የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው በቪቢኤ (ኤክሴል ውስጥ ባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ጽፎ አድኢን (ኤክሴል ላይ የሚጨመር ፋይል) አድርጎ ሰጥቷችኋል ማለት ነው። አዲሱ ኦፊስ ያንን አላወቀውም፣ ነገሩ ይሄው ነው፣ ኦፊሱን አጥፍቶ እንደገና መጫን አያስፈልግም።

[ስክሪን ላይ፦ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድኢንስ]

ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድኢንስ ግቡ፣ ከታች ማኔጅ የሚለው ላይ ኤክሴል አድኢንስ መርጣችሁ ጎ በሉት። ስሙ ካለና ምልክት ከሌለበት ምልክት አድርጉ፣ ጭራሽ ከሌለ ብራውዝ ብላችሁ ፋይሉን አሳዩት። አሁን ሴሉን ነክታችሁ ፎርሙላውን እዩት፣ ከፊቱ ረጅም አድራሻ፣ የድሮው ኮምፒውተር ዩዘር ስም ምናምን ያለበት ከተለጠፈ፣ ቫውቸሩ አድኢኑን የሚፈልገው የድሮ ቦታው ላይ ነው፣ ስለዚህ ዳታ ውስጥ ኤዲት ሊንክስ (አዲሱ ላይ ወርክቡክ ሊንክስ ይለዋል) ገብታችሁ ቼንጅ ሶርስ አድርጉና አዲሱን ቦታ ስጡት።

ምልክቱም አለ ግን አሁንም አይሰራም? ፋይሉ በኢሜይል ነው የመጣው? ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ምልክት ያደርግበታል፣ ኦፊስ ደሞ ያንን አይቶ ማክሮውን (ውስጡ ያለውን የቪቢኤ ኮድ) ይዘጋዋል። ኤክሴልን ዝጉት፣ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከታች አንብሎክ፣ ኦኬ። ከማን እንደመጣ የማታውቁትን ፋይል ግን እንዳታደርጉት። አንድ ቢሮ ውስጥ ለአንዱ ሰርቶ ለአንዱ እምቢ የሚልበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፣ ያ የዊንዶውስ ምልክት ፎርማቱ ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ላይ መቀመጥ ስለማይችል በፍላሽ የወሰደው ሰው ጋ ይሰራል፣ በኢሜይል የተላከለት ጋ አይሰራም።

ሌላው 64 ቢት ነው፣ ኦፊስ 32 ቢትና 64 ቢት የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ከ2019 እትም ጀምሮ ኦፊስ ሲጫን ካልመረጣችሁለት 64 ቢት ነው የሚሆነው፣ የናንተን ለማየት ፋይል፣ አካውንት፣ አባውት ኤክሴል። ኤረሩ ላይ ፒቲአር ሴፍ የሚል ቃል ካያችሁ ኮዱ የተጻፈው ለ32 ቢት ነው፣ ዲክሌር ከሚለው ቃል ቀጥሎ ፒቲአር ሴፍ ይጨመራል፣ አንዳንዱ ሎንግ የተባለውም ወደ ሎንግ ፒቲአር መቀየር አለበት፣ ይሄን ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ብር በፊደል የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ይሄ አይነካቸውም። ከሌላ ሶፍትዌር ጋር የመጣ የኮም አድኢን ከሆነ ግን ሻጩን የ64 ቢቱን ጠይቁ፣ ከሌለው ኦፊሱን አውጥቶ 32 ቢቱን መጫን ነው፣ ሁለቱን አደባልቆ መጫን አይቻልም። ለእኔ ቫውቸርና ፔይሮል ለሚሰራ ሰው 32 ቢት ምንም አያጎድልበትም።

[ስክሪን ላይ፦ በጥያቄ ምልክት የተሞላ ሴል]

አሁን አድኢኑ ይሰራል ግን ‹አምስት መቶ› በማለት ፈንታ የጥያቄ ምልክት ደረደረ እንበል። የሆነ ሰው ኮዱን ከፍቶ አማርኛ በቀጥታ ጽፎበታል ማለት ነው፣ የቪቢኤ ኤዲተሩ (ኮዱ የሚጻፍበት መስኮት) ደሞ ዩኒኮድ፣ ማለትም የአማርኛ ፊደል የሚጻፍበትን ኮድ፣ አይቀበልም፣ ፊደሉን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ኮዱ ውስጥ ፊደሉ በቁጥር ነው መጠራት ያለበት፣ ሲ ኤች አር ደብልዩ 4768 ካላችሁት ‹አ› ይመልሳል። ጥያቄ ምልክት ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀ ከሆነ ግን የተሰራው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባለ የድሮ ፎንት ነው፣ ፎንቱን ጫኑና ሴሉን በሱ አድርጉት።

ሁሉን አስተካክላችሁ ኤረሩ እዛው ከቆመ ኮንትሮል አልት ኤፍ 9 አንድ ላይ ተጫኑ፣ ሁሉንም እንደገና ያሰላዋል። ከዛ 12,500.50 ጻፉና ሳንቲሙንም በትክክል ከጻፈው ቫውቸሩን ለካሸሯ ፕሪንት አድርጉላት።