የፋሲካ ረፋድ ስፕሪስ፦ ቀለሙ ሳይደባለቅ እንዲቆም

[ምስል፦ ሦስት ቀለም ያለው ብርጭቆ፣ ከጎን ሲታይ]

ከታች አረንጓዴ፣ መሐል ቢጫ፣ ከላይ ብርቱካናማ። ጁስ ቤት ስፕሪስ ሲያዝዙ እንዲህ ሆኖ ይመጣል። እቤት ሲሠራ ግን ብዙ ጊዜ እንግዳው ጋ ሳይደርስ ይደፈርሳል። ሁሉም አቀዳዱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሃው ነው።

የሻይና የቡናውን ስፕሪስ አስቡ። እሱን የሚያቆመው ስኳር ነው፤ በደንብ የጣፈጠው ሻይ ስለሚከብድ ታች ይቀራል፣ ቡናው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የጁሱን የሚያቆመው ውፍረት ነው። የቀጠነ ጁስ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ብትቀዱት አይደረደርም።

[ምስል፦ ፍራፍሬው ጠረጴዛ ላይ]

ለ6 ሰው፣ 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ፦ 3 መካከለኛ አቮካዶ፣ 3 ትልልቅ ማንጎ፣ 1 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ፓፓያ፣ 3 ሎሚ፣ ስኳር እና ቀዝቃዛ ውሃ።

አቮካዶውን ሐሙስ ግዙት። ጥሬ ከሆነ ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያበስለዋል። አንገቱን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ትንሽ እሺ ካለ ደርሷል፤ ወደ ፍሪጅ ይግባ። ያልበሰለ አቮካዶ ተመትቶ አይለሰልስም፣ ይመራልም። ይህን ስኳር አያስተካክለውም።

ቅዳሜ ማታ ፍራፍሬውም ብርጭቆውም ፍሪጅ ይደሩ። በረዶ አንጠቀምም፤ ሲቀልጥ መልሶ ውሃ ነው።

[ምስል፦ ብሌንደር፣ ማንጎ ሲገባ]

ቀድሞ የሚመታው ማንጎ ነው። ውሃ ከ50 ሚሊ ሊትር አይበልጥ፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ስኒ እንኳ አይሞላም። ክሩ ጥርስ ውስጥ ስለሚገባ በማጥለያ፣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ አጥልሉትና ፍሪጅ መልሱት።

ቀጥሎ ፓፓያ። ፍሬውንና ከሥሩ ያለውን ስስ ሽፋን በማንኪያ ጠርጉ። ውሃ ጠብታም አያስፈልገውም፤ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ብቻ። ሎሚው ብዙ ሰው የማይወደውን የፓፓያ ሽታ ይቀንሳል። ፓፓያን መትታችሁ ለረጅም ጊዜ አታቆዩት፤ በራሱ እንደ ጄሊ ይረጋል።

አቮካዶ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቅባቱ ማሽኑ ላይ ስለሚጣበቅ ቀድሞ ከተመታ የሌሎቹን ቀለም ያበላሻል፣ ከቆየም ይጠቁራል። 200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። እንደለሰለሰ ማሽኑን አጥፉት።

[ምስል፦ በቅርብ፣ አቮካዶ የያዘ ማንኪያ ሲዘቀዘቅ]

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ አቮካዶው ትንሽ ይዘገያል፣ ከዚያ ቦጭ ብሎ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። የምንፈልገው ይህን ነው። እንደ ማር ክር ሠርቶ ከወረደ ቀጥኗል፤ ሌላ ግማሽ አቮካዶ ጨምሩበት።

ጾም ተፈቷል ብሎ ወተት የሚወድ ካለ፣ በአቮካዶው ውሃ ፈንታ ያድርግ። ፓፓያው ውስጥ ግን በፍጹም። ፓፓያ ውስጥ ፓፔን የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የወተቱን ፕሮቲን ይሰባብረዋል፣ ቆየት ሲል ጁሱ ይመራል። ብርጭቆው ውስጥ ማንጎው መሐል ገብቶ ይለያቸዋል።

[ምስል፦ አቀዳድ፣ ከጎን]

አቮካዶው ታች ይግባ፤ ሌሎቹ ስለሚሸፍኑት አየር አያገኘውም። እስከ ሲሶው ቅዱና ብርጭቆውን በታጠፈ ፎጣ ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉት። ውስጡ የታመቀው አየር ይወጣል፣ ላዩም ይስተካከላል። ማንጎውን በቀጥታ አትገልብጡት። ማንኪያ ገልብጣችሁ ጫፉን የብርጭቆው ግድግዳ ላይ አስጠጉና በጀርባው ላይ አንሸራትቱት። ፓፓያውም እንዲሁ። ከላይ አንድ ጣት ያህል ባዶ ተዉ።

ቪምቶ የሚወድ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ጠርዙን ይዞ ያፍስስ። ሽሮፑ ስለሚከብድ በግድግዳው በኩል ቀይ መስመር እያሰመረ ይወርዳል። ከዚያ ከበዛ ግን ሁሉንም ይውጠዋል፣ የፍራፍሬው ጣዕም አይገኝም።

የቀሩትን ሎሚዎች ቆራርጣችሁ ከጎን አቅርቡ፤ ሁሉም በየራሱ ይጭመቅ። ስትሮው አይሠራም፣ አቮካዶው ይዘጋዋል። ረጅም ማንኪያ ስጡ፤ እስከ ታች ገብቶ ሦስቱንም ይዞ እንዲወጣ።