የደነዘዘ አፍንጫን ሽታ መልሶ ማስለመድ

ክቡራትና ክቡራን፣

ጉንፋን ወይም ኮቪድ ማሽተት የከለከለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው «ምግብ አልጥም አለኝ» ብሎ ነው። ምላሱ ግን ጤነኛ ነው፤ ጨዉን፣ ጣፋጩን፣ ጎምዛዛውንና መራራውን ይለያል። የጎደለው ስናኝክ በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ነው። ያለ እሱ ዶሮ ወጥም ምስር ወጥም ጨውና የበርበሬ ማቃጠል ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

ሽታ ተቀባይ የነርቭ ሴሎች ያሉት በአፍንጫ ውስጠኛ ጣሪያ፣ በጥቂት ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ነው። ሰው 400 ያህል የተቀባይ ዓይነት አለው፤ አንድ ሴል የሚይዘው ግን አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። የተቀባዮቹን ዘረ መሎች አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ አደረጉ፤ በ2004 ኖቤል ተሸለሙበት። ከሴሉ የሚወጣው ቀጭን ክር ወንፊት በመሰለ አጥንት ሾልኮ አንጎል ይገባል። ጭንቅላት ክፉኛ ሲመታ ክሩ የሚበጠሰው እዚሁ ወንፊት ላይ ነው።

«የነርቭ ሴል ከሞተ አይተካም» የሚል የሳይንስ መጽሐፍ ካጋጠማችሁ፣ ስለ አፍንጫ ሲሆን አትቀበሉት። የሽታ ሴሎች ዕድሜ ልክ ይተካሉ። ከባዱ ነገር አዲሱ ክር አንጎል ውስጥ የራሱን ቦታ ማግኘቱ ነው። ቦታውን ሲስት የሚቆላ ቡና ወይም የሚቁላላ ሽንኩርት የሚያቅለሸልሽ ሽታ ያመጣል ተብሎ ይታሰባል። ያስደነግጣል፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው አፍንጫው በማገገም ላይ ሳለ ነው።

አፍንጫን ሽታ መልሶ የሚያስለምደውን ልምምድ በጀርመን የድሬዝደን ከተማው ሐኪም ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙት። ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ክዳን ባላቸው አራት ትናንሽ ብልቃጦች ጥጥ ጨምሩ፤ በየአንዱ ጥቂት ጠብታ የተክሉን ዘይት አድርጉና ስሙን ለጥፉበት። ብልቃጡን ወደ አፍንጫ አስጠግቶ አጫጭርና ለስላሳ ትንፋሽ እየሳቡ 10 ሰከንድ ያህል ማሽተት ይበቃል። ያን ጊዜ የሎሚው ሽታ ምን ይመስል እንደነበር አስታውሱ። ወደሚቀጥለው ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ደቂቃ ዕረፉ።

በረጅሙ መሳብ አይጠቅምም፤ አፍንጫ ወዲያው ይለምደዋል። ባሕር ዛፉ ሲያቀዘቅዘው «ሸተተኝ» የሚል አለ። ቅዝቃዜውን የሚያደርሰው ግን የፊትን ስሜት የሚሸከመው ሌላ ነርቭ ነው፤ እውነተኛው መለኪያ ጽጌረዳው ነው። ቅጠሉን አፍልቶ መታጠንም ይህን ልምምድ አይተካም፣ እንፋሎቱም ያቃጥላል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን ለውጥ የለም ብሎ በ3ኛው ሳምንት ማቆም ነው። ለሁሉም ሰው ባይሠራም ከ12 ሳምንት በፊት መፍረድ አይቻልም።

ጉንፋን ሳይኖር ሽታ ከጠፋ፣ ወይም ከአንድ ቀዳዳ ብቻ እየደማ ከጠፋ፣ ልምምዱ ይቆይና ሐኪም ይየው። እስከዚያው የቡታጋዙን ሲሊንደርና ያደረውን ወጥ ቤት ውስጥ የሚያሸት ሌላ ሰው ይፈትሽላችሁ።